ሐኪም ወርቅነህን ፈልገው ያጡት የት ፈልገው ነው?

ሰሞኑን ከሰው ሰው ሲዞር የሰነበተ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። የሚያወራው ስለ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ነው። እንግሊዞች ዶክተር ቻርልስ ማርቲን ይሏቸው ነበር። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ታሪክ ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያው የበላይ ተቆጣጣሪ ናቸው። ጽሑፉ የሰውየውን ሕይወትና ቤተሰብ ከሥሩ እንዳጣራ ይናገራል። ብዙ ሰው አምኖታል። እኔ ደግሞ ከዋና ዋና ነጥቦቹ አብዛኞቹ የተሳሳቱ ናቸው ብዬ አምናለሁ። ዝም ብዬ ላልፈው አልቻልኩም፤ በተለይ ስለ ልጆቻቸው የተጻፈውን።

መልስ ከመስጠቴ በፊት ጸሐፊው ያሉትን በትክክል ላስቀምጥ። አንደኛ፣ ሰውየው ጎንደሬ ስለመሆናቸው ማረጋገጫ የለም፤ ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን ልዑል ዓለማየሁ ነው፤ አያታቸው አወቋቸው የሚለው ታሪክም ቤተ መንግሥት ለመግባት የተፈጠረ ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤቱ በ1917 ሲከፈት ሰውየው በርማ ነበሩ፤ ስለዚህ የበላይ ተቆጣጣሪ ሊሆኑ አይችሉም ይላሉ። ሦስተኛ፣ ቢሆኑም እንኳ ትምህርት ቤቱን የመሩት ፈረንሳዮች ናቸው፤ የእሳቸው ሹመት የስም ብቻ ነበር ይላሉ። አራተኛ፣ ዕድሜ ልካቸውን የእንግሊዝ ሰው ነበሩ ይላሉ። አምስተኛ፣ ሚስታቸው "ሚስስ ማርቲን" የምትባል እንግሊዛዊት ናት፤ ቤተሰቡ የጣሊያንን ዘመን ለንደን በሰላም አሳልፎ ከዚያ ዱካው ጠፍቷል ይላሉ።

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ቶሎ ስለሚያልቅ።

ትምህርት ቤቱ የተከፈተው ሚያዝያ 1917 ዓ.ም. ነው። ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው። በፈረንጆቹ 1925 ማለት ነው። ሐኪም ወርቅነህ በርማ የነበሩት ግን በፈረንጆቹ 1917 ነው። ጸሐፊው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጠው "አንድ ሰው ሁለት ቦታ ሊገኝ አይችልም" ብለዋል። ልክ ነው፣ አይችልም። ግን በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ስምንት ዓመት አለ። ሐኪም ወርቅነህ ከበርማ ለመጨረሻ ጊዜ የተመለሱት በፈረንጆቹ 1919 ነው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት አዲስ አበባ ከገቡ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ሌላ ማጣሪያም ነበር። በፈረንጆቹ 1917 መጀመሪያ ላይ ንግሥት ዘውዲቱ ገና ዘውድ መጫናቸው ነው። የሰገሌ ጦርነት ካለቀ ወራት እንጂ ዓመት አልሞላም። ተፈሪም አልጋ ወራሽነቱን ገና መያዛቸው ነበር። በዚያ ሰዓት በራሳቸው ገንዘብ ትልቅ ትምህርት ቤት አሠርተው ከፈቱ ማለት ለዘመኑ አይገጥምም። ትምህርት ቤቱ በተከፈተበት በእኛው 1917 ግን ብርሃንና ሰላም ጋዜጣም ወጥቷል። ሁለቱም የአንድ ወቅት ሥራዎች ናቸው።

ይህ የቁጥር ጉዳይ ቀላል አይደለም። የአያቱን ታሪክ የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የሚሰናከልበት ቦታ ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ግድም ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ስምንት ይሆናል። ሐኪም ወርቅነህ የተወለዱት አንዱ ጋ 1864፣ ሌላው ጋ 1865 ተብሎ የሚጻፈው ምናልባት በዚሁ ምክንያት ነው። ጸሐፊው "የልደት ዓመታቸው እንኳ አንድ አይደለም" ማለታቸው እውነት ነው። እቀበላለሁ። ግን በዚያ ዘመን የተወለደ ኢትዮጵያዊ ስንቱ ነው የልደት ዓመቱ ያለ ክርክር የሚታወቀው? የአንድ ዓመት ልዩነት ሰውየውን የሌላ አገር ሰው አያደርገውም።

ወደ መቅደላ እንሂድ። የጽሑፉ ትልቁ ክስ እዚህ ላይ ነው።

ጸሐፊው "የጎንደር ልጅ መቅደላ ምን ሊሠራ ሄደ?" ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ጥሩ ነው፤ መልስም አለው። አፄ ቴዎድሮስ በመጨረሻ ዘመናቸው ከጎንደር ጋር ተጣልተው ነበር። በ1859 ከተማዋን አዘረፉ፣ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። መቅደላ ደግሞ ምሽግ ብቻ አልነበረችም። እስረኞች፣ መኳንንት፣ ቤተሰቦቻቸው፣ መጻሕፍትና ንዋየ ቅድሳት ሁሉ የተሰበሰቡባት አምባ ነበረች። ከጎንደር የመጣ ቤተሰብ እዚያ መገኘቱ የሚያስገርም አይደለም። ባይገኝ ነበር የሚያስገርመው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ንጉሡ ራሳቸውን ገደሉ፤ አምባው ወደቀ። በዚያ ትርምስ ውስጥ ሦስት ዓመት ገደማ የሆነው ሕፃን ከቤተሰቡ ተለይቶ ተገኘ። ኮሎኔል ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ ጦር መኮንን ወደ ህንድ ወሰደው። ቻምበርሌን ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለ። "ቻርልስ" ከመጀመሪያው መኮንን ስም፣ "ማርቲን" ከሁለተኛው የመጣ ነው። ልጁ ላሆር ሕክምና ተማረ፤ በኋላ ስኮትላንድ ሄዶ ትምህርቱን ጨመረበት፤ ከዚያ በርማ በሐኪምነት ተቀጠረ።

ልዑል ዓለማየሁ ሌላ ልጅ ነው። በዚያን ጊዜ ሰባት ዓመት ሊሆነው ነበር። የወሰደው ካፒቴን ስፒዲ ነው። እንግሊዝ ገባ፣ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘንድ ቀረበ፣ በፈረንጆቹ 1879 በ18 ዓመቱ ሊድስ ከተማ ሞተ፣ ዊንድሰር ተቀበረ። ጸሐፊው ለምን እንደተሳሳቱ ግን ይገባኛል። ስፒዲም ዓለማየሁን ይዞ ለጥቂት ጊዜ ህንድ ሄዶ ነበር። "ከመቅደላ ወደ ህንድ የተወሰደ ልጅ" የሚል ዓረፍተ ነገር ያገኘ ሰው ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል። የዕድሜያቸውንና የአሳዳጊዎቻቸውን ልዩነት ያየ ግን አያምታታም። አንዱ በልጅነቱ ሞቷል። ሌላው ሽማግሌ ሆኖ በ1945 ዓ.ም. አርፏል።

አሁን የአያትየው ነገር። ሐኪም ወርቅነህ በፈረንጆቹ 1899 አገራቸውን ፍለጋ መጡ። አዲስ አበባ ሰው ሲያክሙ ወሬው ተሰማ። መቅደላ ላይ የጠፋ ሕፃን ነበራቸው የሚባሉ አንዲት አሮጊት ቀረቡ። በሰውነታቸው ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ አይተው "ልጄ ነው" አሉ። የነጋድራስ እሸቴ ልጅ ወርቅነህ መሆናቸው የታወቀው እንዲህ ነው። ጸሐፊው ይህን ተረት ይሉታል፤ "ጠባሳ የሌለው ማን አለ?" ይላሉ።

እስቲ አብረን እናስብ። በዚያ ዘመን የልደት ምስክር ወረቀት አልነበረም። ፎቶ አልነበረም። አንድ ቤተሰብ ከ30 ዓመት በላይ የጠፋበትን ልጅ በምን ሊያውቀው ይችላል? ልጁን ያጠበችው፣ ያዘለችው፣ ሲወድቅ ያነሳችው ሴት የምታውቀው ገላውን ነው። የትኛው እጁ ላይ፣ የትኛው እግሩ ላይ ምን እንዳለ ከእሷ በላይ ማን ያውቃል? ይህ በፍርድ ቤትም ምስክርነት ነው። በማንም ላይ ያለ ጠባሳ ሌላ ነገር ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ የት እንዳለ የምታውቀው ጠባሳ ሌላ ነው።

"ቤተ መንግሥት ለመግባት የተፈጠረ" የሚለው ደግሞ በራሱ አይቆምም። ሰውየው በርማ የተደላደለ የሐኪም ሥራ ነበራቸው። ደሞዝ አላቸው፣ ማዕረግ አላቸው። የውጭ አገር ሐኪም ሆነው ቢመጡም ምኒልክ ደጃቸውን አይዘጉባቸውም ነበር፤ በዚያ ዘመን ሐኪም የትም ይፈለጋል። ከሁሉ በላይ፣ ዘመድ ካገኙ በኋላ ምን አደረጉ? ተመልሰው ሄዱ። በፈረንጆቹ 1901 ከኢትዮጵያ ወጡ፤ ወደ በርማ ሥራቸው ተመለሱ። እንደገና የመጡት በ1908 ነው። ለሹመት ብሎ ዘር የፈጠረ ሰው ሹመቱ ደጁ ሲደርስ ጥሎ አይሄድም።

ሦስተኛው ነጥብ ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ውስጥ ፈረንሳዊ ዳይሬክተር ነበር። የዕለት ተዕለት ትምህርቱን በብዛት ይመራ የነበረው እሱ ነው። ፈረንሳይኛም ትልቅ ቦታ ነበረው። በሁለቱ መካከል ማን ይበልጣል የሚል ፍትጊያ እንደነበርም የታወቀ ነው። ግን ፍትጊያው ራሱ ምን ይነግረናል? የስም ብቻ ሹመት ካለው ሰው ጋር ማን ይጣላል? ባለሥልጣን ስለነበሩ ነው የተጋጩት። ሐኪም ወርቅነህ እንግሊዝኛ እንዲስፋፋ ይፈልጉ ነበር። ለተማሪ የሚሆን የጂኦግራፊ መጽሐፍም በአማርኛ አዘጋጅተዋል። ለስም ብቻ የተቀመጠ ሰው መማሪያ መጽሐፍ ለማዘጋጀት አይደክምም።

በዚያ ላይ ትምህርት ቤቱ ብቸኛ ሥራቸው አልነበረም። በመጋቢት 1916 ባሮች ነፃ የሚወጡበትን ሁኔታ የሚደነግገው አዋጅ ከወጣ በኋላ ነፃ ለወጡ ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤትም በኃላፊነት ይዘዋል። የውጭ ዜጎችና ኢትዮጵያውያን በሚካሰሱበት ልዩ ፍርድ ቤትም ዳኛ ነበሩ። በኋላ ጨርጨርን ሲያስተዳድሩ፣ አሰበ ተፈሪ ላይ የተማሩ ወጣቶችን ይዘው ነው የሠሩት። ስማቸው በትምህርት ቤቱ ታሪክ ውስጥ ለምን ደበዘዘ ቢባል እኔ ሌላ ምክንያት ይታየኛል። ከጦርነቱ በኋላ ትምህርት ቤቱን የመሩት የካናዳ ኢየሱሳውያን (የካቶሊክ ማኅበር ካህናት) ናቸው። ዛሬ በሕይወት ያሉት የቀድሞ ተማሪዎች የሚያስታውሱት እነሱን ነው። ከጣሊያን በፊት የነበረውን ዘመን በዓይኑ አይቶ የሚናገር ሰው የለንም።

"የእንግሊዝ ሰው" የሚለው ክስ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል።

የማልክደውን ላስቀድም። ያደጉት በእንግሊዞች እጅ ነው። ደሞዛቸውን ለብዙ ዓመት የከፈላቸው የእንግሊዝ መንግሥት ነው። በፈረንጆቹ 1908 ሲመለሱም የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ነው። ዜግነታቸውም የእንግሊዝ ነበር። አለባበሳቸው፣ ሥርዓታቸው፣ የሰዓት አከባበራቸው እንግሊዛዊ ነበር ቢባል አልከራከርም። ማስታወሻቸውን እንኳ የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነበር።

ግን ታማኝነት የሚለካው ሁለት ጥቅም ሲጋጭ ነው። እና ተጋጭቷል። ጣና ላይ።

እንግሊዝ ለግብፅና ለሱዳን ብላ የጣናን ውኃ ትፈልግ ነበር። በፈረንጆቹ 1902 ከምኒልክ ጋር የተፈረመው ውል፣ ያለ እንግሊዝ ስምምነት ዓባይ ላይ፣ ጣና ላይና ሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ እንዳይሠራ ያስራል። በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1925 ደግሞ እንግሊዝና ጣሊያን ከኢትዮጵያ ጀርባ ተጻጻፉ። ጣሊያን የእንግሊዝን የጣና ጥያቄ ትደግፋለች፤ እንግሊዝም የጣሊያንን የባቡር ጥያቄ ትደግፋለች። አልጋ ወራሽ ተፈሪ ጉዳዩን ወደ መንግሥታት ማኅበር ወሰዱት። ከዚያ በኋላ ምን ተደረገ? በ1920 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አንድ መልእክተኛ ወደ ኒው ዮርክ ተላከ። ጄ. ጂ. ዋይት ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ስለ ጣና ግድብ እንዲነጋገር። ወሬው ለንደን ሲደርስ እንግሊዞች ደነገጡ። የተላከው ሰው ሐኪም ወርቅነህ ነበሩ።

የእንግሊዝ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ተፈሪ ይህን ጉዳይ ለእሳቸው ይሰጡ ነበር? ተፈሪ በሰው አያያዝ የሚታሙ አይደሉም። እንግሊዝኛ የሚችል ሌላ ሰው ቢጠፋ እንኳ ምስጢሩን ለእንግሊዝ ሰው አሳልፈው አይሰጡም። ሐኪም ወርቅነህም ደርሰው ኩባንያውን አነጋግረው ብቻ አልተመለሱም። ሐርለም ሄደው ጥቁር አሜሪካውያንን አግኝተው፣ ሙያ ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲሠሩ ጋበዙ። በኋላም ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ ለንደን ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው የቆሙት እሳቸው ናቸው። በእነዚያ ዓመታት ሥራቸው የእንግሊዝን መንግሥት መለመንና መውቀስ ነበር፤ የጦር መሣሪያ ፈቃድ መጠየቅ፣ ብድር መፈለግ። ጸሐፊው ስለ ደሞዛቸው ብዙ ጽፈዋል። ስለ ኒው ዮርኩ ጉዞ ግን አንድ መስመር የለም። ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

አሁን ወደ ቤተሰቡ። ለዚህ ጽሑፍ ያስነሳኝም እሱ ነው።

"ሚስስ ማርቲን" የምትባል እንግሊዛዊት ሚስት አልነበረችም። ያገቡት ወይዘሮ ቀፀላ ቱሉን ነው። በእንግሊዝ ወረቀቶች ላይ ሚስት በባሏ ስም ስለምትጻፍ ወይዘሮ ቀፀላም "ሚስስ ማርቲን" ይሆናሉ። በእኛ አገር ግን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። ቀፀላ ቱሉ እስከ መጨረሻው ቀፀላ ቱሉ ናቸው። ጸሐፊው አንዱን የእንግሊዝ ሰነድ አይተው ሴትየዋን እንግሊዛዊት አደረጓት።

ልጆቹም እንደዚሁ ናቸው። ብዙ ልጆች ወልደዋል። እንግሊዝ አገር ተማሪ ቤት ሲገቡ ማርቲን ተብለው ይመዘገባሉ። አዲስ አበባ ሲመጡ የአባታቸው ስም ወርቅነህ ነው። አንዱ ልጅ ለንደን ላይ ቤንጃሚን ማርቲን፣ አዲስ አበባ ላይ ቢንያም ወርቅነህ ይሆናል። ወንድሙ ጆሴፍ ማርቲን፣ ዮሴፍ ወርቅነህ። አሁን ጸሐፊው ያደረጉትን ልብ በሉ። ማርቲን የሚለውን ስም ይዘው በኢትዮጵያ ፈለጉ፤ አጡ። ወርቅነህ የሚለውን ይዘው በእንግሊዝ ፈለጉ፤ አጡ። ከዚያ "ዱካው ጠፍቷል" ብለው ደመደሙ። በተቃራኒው ቢፈልጉ ሁለቱም ጋ ያገኙ ነበር።

ቢያገኙ ምን ያነቡ ነበር? ቢንያምና ዮሴፍ እንግሊዝ አገር ምህንድስና ተምረው ነበር። ጣሊያን ሲወር ለንደን አልተቀመጡም፤ አገራቸው ነበሩ። አዲስ አበባ ከተያዘች በኋላ በምዕራብ በኩል ከጥቁር አንበሳ ማኅበር ጋር ተሰለፉ። ጥቁር አንበሳ የተማሩ ወጣቶችና መኮንኖች የመሠረቱት፣ ራስ እምሩን መሪ አድርጎ የዘመተ ኃይል ነው። በታኅሣሥ 1929 ራስ እምሩ ጎጀብ አካባቢ ተከበው እጅ ሰጡ። ከሁለት ወር በኋላ የካቲት 12 ቀን ግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተወረወረ። በአዲስ አበባ ሕዝቡ በየቤቱ ተቃጠለ። ከዚያ ጣሊያኖች የተማሩትን ወጣቶች እየለቀሙ ረሸኑ። ቢንያምና ዮሴፍም ከተገደሉት መካከል ናቸው።

አባታቸው በዚያን ጊዜ ውጭ ነበሩ። ጸሐፊው የቤተሰቡ ከፊል በውጭ አገር እንደነበረ መጻፋቸው ስህተት አይደለም። መልእክተኛ ሆነው የሄዱ ሰው ናቸው፤ አገራቸው ተይዛ የት ይግቡ? ግን "በሰላም አሳልፈውታል" የሚለው ቃል ሁለት ልጆቹ ለተረሸኑበት ሰው የሚባል አይደለም። ይህን ሳነብ በጣም ነው ያዘንኩት። ጸሐፊው በክፋት ጻፉት ብዬ አላምንም። ባለማወቅ ነው። ሆኖም በሺዎች የሚቆጠር ሰው አንብቦታል፤ የተገደሉት ወጣቶች ዘመዶች ዛሬም አሉ።

ጸሐፊው በመጨረሻ "ሰነድ የለም፤ ያለው አፈ ታሪክ ነው" ይላሉ። ሰነድ አለ። አንድ ቦታ አይደለም እንጂ። የህንድና የበርማ አገልግሎታቸው የሚገኘው ለንደን፣ በብሪቲሽ ላይብረሪ ባለው የህንድ ቢሮ መዛግብት ዘንድ ነው። የጣናና የልዑክነት ዘመናቸው ኪው ባለው የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ በውጭ ጉዳይ ፋይሎች ውስጥ ነው። እነዚህ ጋ የሚፈለጉት "ማርቲን" ተብለው ነው። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አለ፣ ወመዘክር አለ፣ የብርሃንና ሰላም ጋዜጣ የድሮ ቅጾች አሉ። እዚያ "ሐኪም ወርቅነህ" ናቸው። ጋዜጣውን ሲያገላብጡ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አይርሱ። የልጆቹን ነገር የሚከታተል ሰው ሁለቱንም ስሞች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ጽፎ ቢነሳ ይሻላል፤ የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ራሱ ከሰነድ ሰነድ ስለሚለያይ።

ጸሐፊው ጽሑፋቸውን የማረም ሐሳብ ካላቸው የዓመተ ምሕረቱ ስህተት ሊቆይ ይችላል፤ የፈረንሳዮቹም ነገር እንደዚያው። በቅድሚያ ግን ስለ ቢንያምና ስለ ዮሴፍ የተጻፈው አንቀጽ ይታረም። ጽሑፉን ያጋራችሁም እርማቱ ሲወጣ እንደ መጀመሪያው አጋሩት።